ጭቃ ውስጥ የተተከለ ዲሽ

ባለፈው እትም ስለ ድራም መቺዎች ስጽፍ አንድ የብራዚል ባንድ በአንድ መስመር ጠቅሼ አልፌ ነበር። ናሳኦ ዙምቢ ይባላል። «የመጀመሪያ አልበሙን ያለ ድራም ሴት የሠራ ባንድ» ብዬ ዘጋሁት፤ ድራም ሴት ያልኩት ባንዶች የሚጠቀሙበትን ሙሉ የድራም ስብስብ ነው። በማግስቱ የመጽሔቷ አዘጋጅ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ አንባቢውን አንጠልጥለው ጥለውት ሄዱ እኮ!» አለችኝ። ልክ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ከመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለዚሁ ባንድ ናቸው። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ በሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ብራዚልን የማውቃት በኳስና በሳምባ ነው። የጠቀሱትን ባንድ ፈልጌ ሰማሁት። ሳምባ አይመስልም። ጊታሩ እንደ ሮክ ይጮኻል፣ ዘፋኙ እንደ ራፐር ይለፈልፋል፣ ከታች ደግሞ ጎርፍ የሚመስል ከበሮ አለ። ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው? ስሙስ ዞምቢ ማለት ነው እንዴ?
ከአዳማ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ

መልስ፦ ጆሮህ አልዋሸህም። ሳምባ አይደለም። እኛ በቴሌቪዥን የምናየው ሳምባ የሪዮ ነው። ይህ ባንድ የመጣው ግን ከሬሲፌ ነው። ሬሲፌ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ያለች የወደብ ከተማ ናት፤ የፐርናምቡኮ ግዛት ዋና ከተማ። ከሪዮ በመኪና ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ነዋሪዎቿ «ሄሲፊ» ነው የሚሏት። የፖርቱጋልኛ «ር» እኔንም ብዙ አሠቃይቶኛል። ኳስ ወዳድ ከሆንክ ደግሞ ሪቫልዶ ያደገው እዚያው አካባቢ ነው። ያ ቅጣት ምት ሲመታ በረኛውን የሚያስለቅሰው ጁኒንሆ «ፐርናምቡካኖ» የተባለውም በዚሁ ግዛት ስም ነው።

የሰማኸው ጎርፍ ማራካቱ ይባላል፤ በሬሲፌና በጎረቤቷ ኦሊንዳ የካርኒቫል ሰሞን ጎዳናውን የሚያናውጥ የከበሮ ሙዚቃ ነው። ባንዱ በዚህ ላይ ሮክ፣ ፈንክና ሂፕ ሆፕ ጨመረበት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከእነሱ ጋር የተነሣው እንቅስቃሴ ማንጌ ቢት ተባለ።

ስሙን በተመለከተ፣ ዞምቢ አይደለም። እኔም መጀመሪያ ያንኑ ነበር ያሰብኩት። ዙምቢ የሰው ስም ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከሸንኮራ እርሻ ያመለጡ ባሪያዎች በያኔዋ ፐርናምቡኮ ተራሮች ውስጥ ፓልማሬስ የሚባል የራሳቸውን አገር መሠረቱ። ፖርቱጋሎችና ሆላንዶች በየተራ ዘመቱባቸው፤ አሥርት ዓመታት ቆዩ። የመጨረሻው ታላቅ መሪያቸው ዙምቢ ነበር። የተገደለው ኅዳር ወር ውስጥ፣ በ1695 ኖቬምበር 20 ቀን ነው። ያ ቀን አሁን ብራዚል ውስጥ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። «ናሳኦ» ደግሞ ሕዝብ ወይም ነገድ ማለት ነው፤ የማራካቱ ቡድኖች ራሳቸውን የሚጠሩበት ቃል ነው። እንግዲህ የባንዱ ስም «የዙምቢ ነገድ» እንደማለት ነው። ከፊልሙ ሬሳ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ጥያቄ፦ ስለ ባንዱ ካነበብኩ በኋላ ስለ ማራካቱ ቪዲዮ ከፍቼ ሳይ እናቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ከበሮው ይመታል፣ ትልቅ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ ይሽከረከራል፣ ዘውድ የደፉ ሰዎች ከሥሩ ይሄዳሉ። እናቴ «ይሄ ደግሞ የየትኛው ደብር ጥምቀት ነው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ በመጀመሪያ ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ከሁላችሁም ደብዳቤ የእሳቸው ጥያቄ ነው የወደድኩት። እኔም መጀመሪያ ሳየው ጃንጥላው ነው የያዘኝ።

ታቦት የለም። ከጃንጥላው ሥር የሚሄዱት ንጉሥና ንግሥት ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። በባርነት ዘመን ከአፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች የመቁጠሪያዋ እመቤታችን በሚሏት በድንግል ማርያም ስም ማኅበር ነበራቸው፤ እኛ ጽዋ ማኅበር እንደምንለው ዓይነት ነገር። ሬሲፌ ውስጥ ራሱን የቻለ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን በዚህ ስም አለ። በማኅበሩ ውስጥ «የኮንጎ ንጉሥ» ተብሎ ከመሃላቸው አንድ ሰው ዘውድ ይጫንለት ነበር። ጌቶቹ ይህን የፈቀዱት ለራሳቸው ጥቅም ነው፤ ንጉሡ ሰውን ጸጥ ያደርግልናል ብለው። ባሪያዎቹ ግን በዚያች ቀን ንጉሥ ነበራቸው። ባርነት ብራዚል ውስጥ በሕግ የቀረው በ1888 ነው። ሰልፉ ግን አልቀረም። ወደ ካርኒቫል ገባ።

እናም እናትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የማርያም ስም አለበት፣ ጃንጥላ አለበት፣ ከበሮ አለበት፣ ሰው ነጭ በነጭ ለብሶ የሚወጣበትም ጊዜ አለ። ግን ሌላም ነገር አለበት። ከሰልፉ ፊት አንዲት ሴት ካሉንጋ የምትባል የተሸለመች አሻንጉሊት ይዛ ትሄዳለች። አሻንጉሊት ብዬ መጥራቴን ባለቤቶቹ ቢሰሙ አይወዱልኝም፤ የሞቱ አባቶችና እናቶች መንፈስ ናት ለእነሱ። ማራካቱ አንድ እግሩ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው፣ ሌላው እግሩ ከአፍሪካ ይዘውት በመጡት እምነት ውስጥ ነው።

ለእናትሽ አንድ ቪዲዮ ፈልጊላቸው። በካርኒቫል ሰኞ ሌሊት ሬሲፌ ውስጥ ፓቲዩ ዱ ቴርሱ በሚባል ትንሽ አደባባይ የማራካቱ ነገዶች ይሰበሰባሉ። ማታውን ሁሉ ሲደበድቡ ያመሻሉ። ልክ እኩለ ሌሊት ሲሆን መብራት ይጠፋል። ከበሮው ሁሉ ዝም ይላል። በባርነት ለሞቱት ነው። የዚያች ሌሊት ስም ራሱ «የዝምተኛ ከበሮዎች ሌሊት» ነው። ሠላሳ ዓመት ከበሮ ስመታ ኖሬ የዚያን ያህል የከበደ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም፤ ያውም በስልክ ስፒከር።

ከነገዶቹ አንዳንዶቹ በጣም የቆዩ ናቸው። ሌኦን ኮሮአዱ የሚባለው፣ ትርጉሙ «ዘውድ የጫነው አንበሳ» ነው፣ ከ1863 ጀምሮ አለ። ስሙን ስሰማ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ባንድ አለን። እኔ ድራም እመታለሁ። ከበሮ ጨምረን ለመሥራት ሞከርንና ተበላሸብን። ወይ ከበሮው አይሰማም፣ ወይ ሁሉን ነገር ይውጠዋል። እርስዎ «ያለ ድራም ሴት» ያሉት እነዚህ ሰዎች እንዴት አደረጉት? ማራካቱን በኛ ከበሮ መምታት ይቻላል?
ከበሮ ወዳድ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁስሌን ነካኸው።

ከዛሬ ሠላሳ ዓመት በፊት ገደማ በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ድራም እመታ ነበር። አንድ ቀን በእኔ ሐሳብ ፕሮግራሙን በከበሮ እንክፈት ተባለ። ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛዬ የነበረ ልጅ ከነከበሮው መጣ። ሳውንድ ቼክ ላይ የዘፋኝ ማይክ ከበሮው አፍ ላይ ደቀንንበት። እኔ ከኋላ ድራሜን እደልቃለሁ፣ እሱ ከፊት ከበሮውን ይደልቃል። ቤዙ ጠፋ። ማይኩ ያፏጭ ጀመር። ብርጭቆ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ባለቤቱ ከቢሮው ወጥቶ «እኔ የከፈትኩት ሆቴል ነው፣ ደብር አይደለም!» አለ። ጓደኛዬ ከበሮውን አዝሎ በጓሮ በር ወጣ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት «ከበሮ ለመድረክ አይሆንም» እያልኩ አወራ ነበር።

ከዚያ ሊዝበን የሚኖር የድሮ ባልደረባዬ፣ ሳክስ ይነፋ የነበረ፣ አንድ ሲዲ በሰው እጅ ላከልኝ። የናሳኦ ዙምቢ የመጀመሪያ አልበም ነበር፤ በ1994 የወጣው። ርዕሱ «ከጭቃ ወደ ትርምስ» እንደማለት ነው። አንድ ጊዜ ሰማሁት፤ የሆነ ነገር ጎደለብኝ። ሁለተኛ ሰማሁት። በእግር የሚመታው ትልቁ ባስ ድራም የለም! ድራም ሴቱ የለም! ሦስት ሰዎች ትልልቅ ከበሮ በትከሻቸው አንግተው ይመታሉ፣ አንድ ሰው ስኔር የሚባለውን ድምፀ ቀጭን ድራም ይመታል፣ አንድ ሰው ደግሞ ትናንሾቹን ነገሮች ይዟል። አለቀ።

የእኛ ጥፋት እዚህ ላይ ነው የገባኝ። እኛ ከበሮውን እንደ ጌጥ ድራሙ ላይ ደረብነው። ሁለት ዝሆን በአንድ በር። እነሱ ግን ድራሙን አስወጡትና ቤቱን ለከበሮው ለቀቁለት። ሌላው ሁሉ ከከበሮው የተረፈውን ቦታ ይዞ ተቀመጠ። ቤዝ ጊታሩን ደጋግመህ ስማው። ዴንጌ ነው የሚባለው ተጫዋቹ። ከበሮው ሲወድቅ እሱ ይነሣል፣ ከበሮው ሲነሣ እሱ ይገባል። ሉሲዮ ማያ የሚባለው ጊታሪስትም ያን ሁሉ ጩኸት የሚያጮኸው ከላይኛው ድምፅ ላይ ነው፤ ታች አይወርድም። ታች ባለቤት አለው።

አሁን ወደ መሣሪያው። ከበሮው አልፋያ ይባላል። ከእንጨት ነው የሚሠራው፣ በሁለቱም በኩል የፍየል ቆዳ ይወጠርበታል፣ የሚጠብቀውና የሚላላው በገመድ ነው። ስፋቱ ከ16 እስከ 22 ኢንች ይሆናል። የኛን ከበሮ በአንገት አንጠልጥለን በመዳፍ ነው የምንመታው፤ እነሱ በትከሻ አንግተው በሁለት ወፍራም ዱላ ነው የሚመቱት። ለዚህ ነው ድምፁ እንደ በር መደብደብ የሚሆነው። በባህላዊው ሰልፍ አልፋያው ብቻውን አይሄድም። ስኔሩ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ክፍተት ይዘንባል። ጎንጌ የሚባል የብረት ቃጭል አለ፤ ሁሉም የሚጠብቀው እሱን ነው። አግቤ ደግሞ ቅል ነው፤ ዶቃ የተሰካበት መረብ ለብሶ የሚንሸዋሸው። መሪው በፊሽካ ነው የሚያዝዘው። እንደ ዳኛ።

በኛ ከበሮ ይቻላል ወይ ላልከው፣ ይቻላል፤ ግን እጅህን መጀመሪያ ማሞኘት አለብህ። እኛ ችክችካ ላይ ያደግን ነን። ሳናስበው አንዱን ምት ለሦስት እንከፍለዋለን። ማራካቱ አንዱን ምት ለአራት ይከፍላል። አራት ምት፣ በየምቱ አራት፣ አሥራ ስድስት። ስኔሩ አሥራ ስድስቱንም ይሞላል፤ ወፍራሙ አልፋያ ግን ጥቂቶቹን ብቻ መርጦ ይመታል፣ ያውም ብዙ ጊዜ ካሰብክበት ቦታ ትንሽ ቀደም ብሎ። መጀመሪያ ስኔሩን ብቻ በሁለት እርሳስ ጠረጴዛ ላይ ተለማመድ። ልጄ በዚህ የተነሣ ለሁለት ሳምንት አኩርፋኝ ነበር። አሥራ ስድስቱ ሳትቆጥረው ሲመጣልህ ከበሮውን ጨምር። ደግሞ ያንኑ አራቱን ሲመቱት ድርቅ አያደርጉትም፤ በአራትና በሦስት መሃል ትንሽ ይወላውላል። እዚያ ላይ እኛ ሐበሾች ሳንጠቀም አንቀርም።

ማይክን በተመለከተ ከሆቴሉ የተማርኩትን ልንገርህ። የዘፋኝ ማይክ ለከበሮ አትጠቀም። ለባስ ድራም የሚሆነውን ማይክ ውሰድና ከቆዳው አንድ ክንድ ያህል አርቀህ ትከለው። የድራም ሴትህን ባስ ለአንድ ዘፈን ያህል ዝም አሰኘው። አንድ ዘፈን ብቻ። አንተ ድራመሩ ስለሆንክ ይከብድሃል፤ አውቃለሁ።

እነሱም እንከን የላቸውም አልልም። ለእኔ ጆሮ በመጀመሪያው አልበም ላይ ከበሮው ትንሽ ቀጭኗል። በመድረክ ቪዲዮ ስታየው ደረትህን ይመታሃል፤ በሲዲው ላይ በጨዋ ደንብ ነው የተቀመጠው። ስቱዲዮ ውስጥ እንዲህ ያለ ከበሮ መቅረጽ ለማንም ቀላል አልነበረም። በሁለተኛው አልበም ፑፒሉ የሚባል ድራመር ገባ፤ ያን ጊዜ ግን ቤቱ የማን እንደሆነ አስቀድሞ ታውቋል።

ጥያቄ፦ ልብስ ስተኩስ ነው የምሰማቸው። ቋንቋው አይገባኝም፣ ግን ዘፋኙ የሆነ ታሪክ እያወራ እንደሆነ ይሰማኛል። ምን እያለ ነው? ደግሞ በየሥዕሉ ሸርጣን አያለሁ። ለምንድን ነው?
እህታችሁ፣ ከሪያድ

መልስ፦ እህቴ፣ ቋንቋውን ሳታውቂ ታሪክ መሆኑን መለየትሽ የሚገርም ነው። ከሸርጣኑ ልጀምር፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው።

ሬሲፌ ሁለት ወንዞች፣ ካፒባሪቤና ቤቤሪቤ፣ ከባሕር የሚገናኙበት ረግረግ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ረግረጉ ማንግሮቭ ነው። ሥሩን ጨዋማ ጭቃ ውስጥ ተክሎ የሚቆም ዛፍ ነው፤ እነሱ «ማንጌ» ይሉታል። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ጭቃው በአፈር እየተደለደለ ቤት ተሠራበት። ከገጠር ድርቅና ሸንኮራ ባለርስት ያባረረው ድሃ ደግሞ ወደ ተረፈው ጭቃ መጣ። በእንጨት ላይ ጎጆ ቀለሰ። የሚበላው ሸርጣን ነበር።

ዦዙኤ ደ ካስትሮ የሚባል ሐኪም ነበር፤ በ1908 እዚያው ሬሲፌ የተወለደ። ስለ ረሃብ በመጻፍ ዓለም ያወቀው ሰው ነው። በ1950ዎቹ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትን ምክር ቤት መርቷል። በ1964 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ስደት ወጣ፣ ፓሪስ ውስጥ በ1973 ሞተ። እሱ የጻፈው ነገር አንዴ ካነበብሽው ከአእምሮ አይጠፋም። ሰው ሸርጣኑን ይበላል። የሰው ቆሻሻ ጭቃው ውስጥ ይገባል። ሸርጣኑ ያንን ይበላል። ሰው መልሶ ሸርጣኑን ይበላል። ሰውና ሸርጣን ወንድማማች ሆነው በአንድ ጭቃ ይዞራሉ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሬሲፌ በዓለም ለኑሮ ከማይመቹ ከተሞች አራተኛ ናት የሚል አንድ የዋሽንግተን ተቋም ያወጣው ጥናት ወጣ። ወጣቶቹ አፍረው አልተደበቁም። ፍሬድ ዜሮ ኳትሮ የሚባል የሌላ ባንድ ዘፋኝ በ1992 አንድ ጽሑፍ ጻፈ፤ ርዕሱ «አእምሮ ያላቸው ሸርጣኖች» የሚል ነበር። ከተማዋን ደም ሥሯ እንደተደፈነባት የልብ በሽተኛ አድርጎ ነው የሣላት። መድኃኒቱ ምንድን ነው? ጭቃው ላይ ዲሽ መትከል! አዎ፣ ያው ጣሪያችን ላይ ያለው ዲሽ። እግሩ ጭቃ ውስጥ፣ ፊቱ ወደ ዓለም። የእንቅስቃሴው ምልክት ይኸው ሆነ፤ ዲሽና ሸርጣን።

አሁን ወደ ዘፈኖቹ። የመጀመሪያው ዘፋኛቸው ሺኮ ሳይንስ ነው። ዋና ስሙ ፍራንሲስኮ ዲ አሲስ ፍራንሳ ይባላል። የአልበሙን ስም በያዘው ዘፈን ውስጥ አንድ የራበው ሰው ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ቲማቲምና ሽንኩርት ሊሰርቅ ገበያ ይወጣል። እዚያ አንዲት አሮጊት ታልፍና የእሱን ካሮት ታነሣበታለች። ሌባው ተሰረቀ! ሆዴ ባዶ ከሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ካሮቴን መልሺልኝ እያለ ይለምናታል። መሃል ላይ የዚያን ሐኪም ስም፣ ዦዙኤን፣ ጠርቶ እንዲህ ያለ መከራ አይቼ አላውቅም ይለዋል። ስለ ረሃብ ስንት ወፍራም መጽሐፍ አለ፤ እኔ የማስታውሰው ግን ካሮቷን ነው።

ስለ ወንዞችና ድልድዮች የሚያወራ ሌላ ዘፈን አለ። እዚያ ውስጥ የሬሲፌን ሰፈሮች ስም ዝም ብሎ ይደረድራል። ማካሼይራ፣ ኢቡራ፣ ካዛ አማሬላ እያለ። ፖርቱጋልኛ ሳታውቂ ትደሰቺበታለሽ፤ የታክሲ ረዳት «መገናኛ፣ ቦሌ፣ ሜክሲኮ» ብሎ ሲጠራ እንደምትሰሚው ነው። ናፍቆትሽን ከቀሰቀሰብሽ ግን ይቅርታ።

«ከተማዋ» የሚለው ደግሞ ሕንፃው እየበዛ ሲሄድ ላይ ያለው ወደ ላይ፣ ታች ያለው ወደ ታች እንደሚሄድ የሚያሳይ ነው። ስለ ባሕር ዳርቻ የሚያወራም አለ፤ እዚያ ውስጥ ከምሳ በፊት አንድ ቢራ ለማሰብ ጥሩ ነው ይላል። ይህ ምክር ለሪያድ አይሆንም።

እንደ ራፕ የሚመስለው አነጋገር ግማሹ ብቻ ነው ራፕ። ሺኮ በወጣትነቱ የብሬክ ዳንስ ቡድን ውስጥ ነበር፣ የኒው ዮርክ ነገር በደሙ አለ። ሌላው ግማሽ ኤምቦላዳ ነው። ገበያ መሃል ሁለት ሰዎች ትንሽ ከበሮ ይዘው ይቆማሉ፤ በፍጥነት ግጥም እየወረወሩ እርስ በርስ ይሰዳደባሉ፣ ያለፈ ያገደመውን ሰው ይነካካሉ፣ ሳንቲም ያስወጡታል። የሰውዬውን ጫማ፣ የሴትዮዋን ቦርሳ ግጥም ያደርጉታል። አዝማሪ ቤት ተቀምጠሽ «ያ ባለ ሰማያዊ ከረባት» ተብሎ ሲዘፈንብሽ የሚሰማሽን ታውቂያለሽ አይደል? እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ዘፋኙ አሁንም አለ? አንድ አልበም ብቻ ስማ ቢሉኝ የትኛውን?
ከድሬዳዋ

መልስ፦ የለም። ሺኮ በ1997 ፌብሩዋሪ 2 ቀን፣ ካርኒቫል ሊገባ ቀናት ሲቀሩት፣ በሬሲፌና በኦሊንዳ መሃል በመኪና አደጋ ሞተ። 30 ዓመቱ ነበር፤ በማርች ወር 31 ዓመት ሊሞላው። በሕይወቱ ያወጣው ሁለት አልበም ብቻ ነው። ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ከታዋቂው ብራዚላዊ ዘፋኝ ከዥልቤርቱ ዥል ጋር በአንድ መድረክ ተጫውቶ ነበር። ገና እየተነሣ ነበር ማለት ነው።

ባንዱ ግን አልፈረሰም። ከከበሮ መቺዎቹ አንዱ፣ ዦርዢ ዱ ፔይሺ፣ ዱላውን አስቀምጦ ማይኩን ያዘ። ድምፁ ሌላ ነው፤ ወፍራምና ዘገም ያለ። ሺኮን ለመምሰል አለመሞከሩን ወድጄለታለሁ። ከዚያ በኋላም ብዙ ሠርተዋል።

አንድ ብቻ ካልከኝ የ1996ቱን «አፍሮሲበርዴሊያ»ን ስማ። የመጀመሪያው ታሪክ ሠሪው ነው፣ ይሄኛው ግን ከበሮው ሥጋ ያለው ነው። በስልክ ስፒከር አትስማው። ከበሮው ስልክ ውስጥ አይገባም።

ጥያቄ፦ በየወሩ ስለ ፈረንጅ ሙዚቃ ትጽፋለህ። ብራዚል ድረስ ምን ወሰደህ? እኛ ሰፈር ሠርግ ላይ ከበሮ የምትመታ አንዲት ሴት አለች፤ ያንተን ብራዚላዊ ሁሉ ታስንቃለች። ባህላችንን ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር አታደባልቁብን።
ከደብረ ብርሃን፣ የቆየ አንባቢ

መልስ፦ ጌታዬ፣ ቁጣዎ ሬሲፌ ውስጥም ነበር። አሪያኖ ስዋሱና የሚባል ትልቅ ጸሐፌ ተውኔት፣ የግዛቲቱ የባህል ኃላፊም የነበረ ሰው፣ የሺኮን ጊታር አልወደደለትም፤ «ሳይንስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ስምም አልጠራም ብሎ በፖርቱጋልኛ «ሺኮ ሲዬንሲያ» ነበር የሚለው። ሰውዬውን አከብረዋለሁ። ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገርዎ። ከጊታሩ በኋላ አልፋያ ነክተው የማያውቁ የሬሲፌ ልጆች ወደ አሮጌዎቹ ነገዶች ሄደው መማር ጀመሩ። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ሳይቀር ማራካቱ የሚመቱ ቡድኖች አሉ።

ለማንኛውም ስለዚያች ሴት የጻፉልኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስሟን ግን አልጻፉልኝም። ሠርግ የሚኖርበትን ቅዳሜ ብቻ ይላኩልኝ። መቅረጫና ሁለት ማይክ ይዤ እመጣለሁ፤ ጊታር አላመጣም።